አንድ ብስክሌት፣ ሁለት ቁራኛ

ብስክሌቱ ከኩርባው ብቅ ሲል ኩመራ ከዋንዛው ሥር ተነሥቶ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ጎህ ሳይቀድ ከመቱ ተነሥቶ ሁሩሙ ድረስ በእግሩ የመጣው ለዚህ ነው። በእጁ ዱላ የለም፤ ድንጋይም አልያዘም። የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳምንቱን ሙሉ አፉ ውስጥ ሲያላምጠው ሰንብቷል።

«በሕግ አምላክ!» አለ። «በሕግ አምላክ ቁም፣ ሙሉብርሃን!»

በዚያ ዘመን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ሹም ይሁን ነጋዴ፣ ቢሮጥም ቢሸሽም ባለበት ይቆማል። ጥሶ ያለፈ እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ ባላጋራ ይሆንበታል። ሙሉብርሃን ደግሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ልጅ ስለሆነ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠ። ብስክሌቱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ ከኩመራ ጉልበት አጠገብ ቆመ። መሪው ላይ የታሰረችው ትንሽ ባንዲራ ጥቂት ተወዛውዛ ጸጥ አለች።

«አበድክ እንዴ?» አለ ሙሉብርሃን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ያየናል እኮ።»

«እንዲያየን ነው የመጣሁት» አለ ኩመራ።

ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ለመሰብሰብ ጊዜ አልፈጀበትም። ማር የተሸከመው ማሩን አወረደ፤ በግ የሚጎትተው ገመዱን እጁ ላይ ጠመጠመ። ጠብ ተመልካች አጥቶ አያውቅም፤ ከብስክሌት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ነገሩ የጀመረው በዚሁ ብስክሌት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ ሊከበር ሲል፣ አንድ የመቱ ቡና ነጋዴ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ብስክሌት ሰጠ። አንድ ተማሪ በኢሉባቦር ስም እየነዳው፣ በበደሌና በጅማ አድርጎ፣ ለበዓሉ አዲስ አበባ እንዲገባ ተወሰነ። አገሩን በሁለት ጎማ አቋርጦ ማየት ያላማረው ተማሪ አልነበረም። የተመረጠው ግን ኩመራ ነበር፤ በዚህም የተከራከረ የለም። ብስክሌት በሚከራይበት ቤት ጎማ እየለጠፈ ያደገ ልጅ ነው። የጎሬን ዳገት ከኮርቻ ሳይወርድ የሚወጣ እሱ ብቻ ነበር። ለሙሉብርሃንም ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነው፤ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ፣ ቆሎ የሚካፈሉ ጓደኞች ነበሩ።

አንድ እሑድ ብስክሌቱ ከትምህርት ቤቱ መጋዘን ጠፍቶ ሶር ወንዝ ድልድይ አጠገብ ወድቆ ተገኘ። የፊት ቸርኬው ተጣሟል። ሰኞ ጠዋት ባንዲራው ሥር ዲሬክተሩ «ማነው የወሰደው?» ብለው ሲጠይቁ፣ ሙሉብርሃን አባቱ አቶ ገብረ መድኅን በቆሙበት «ኩመራ ነው፤ ባይኔ አይቼዋለሁ» አለ። ኩመራ በተማሪው ሁሉ ፊት ተገረፈ። ቦታውም ለዓይን ምሥክሩ ተሰጠ። ቸርኬው ተቃንቶ ብስክሌቱ ዳነ፤ የኩመራ ስም ግን እንደተጣመመ ቀረ።

እናቱ ዲንቄ ጀርባውን ቅቤ እየቀባች «ለዋቃ፣ ለፈጣሪ ስጠው፣ ልጄ» ብላው ነበር። ኩመራ ግን ለማንም ሊሰጠው አልፈለገም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መጀመሪያ ጎማውን ሊቀደው አሰበ፤ ብስክሌቱ ግን ምንም አልበደለውም፤ እንዲያውም ይወደዋል። ሙሉብርሃንን ሶር ውስጥ ሊገፈትረው አሰበ፤ ልጁ ዋና ያውቃል። በመጨረሻ ሕግን መረጠ። አቶ ገብረ መድኅን እንጀራቸውን የሚበሉት በሕግ ስለሆነ፣ ልጃቸውም በሕግ ይቅመስ አለ።

ገበያተኛው የመንገድ ዳኛ አድርጎ ያስቀመጣቸው ኦቦ ሁንዴሳን ነው፤ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሰቀሉ፣ ማራቸውን በውሃ አያበዙም የሚባሉ ሽማግሌ። ሁለቱንም አዳመጡ። ኩመራ «በሐሰት መሰከረብኝ» አለ። ሙሉብርሃን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ነገሩ ትምህርት ቤት ላይ ያለቀ ነው» አለ። ሌላ ያየ ሰው እንዳለ ተጠየቀ፤ የለም።

«ማር ቢሆን ቀምሼ እለየው ነበር» አሉ ኦቦ ሁንዴሳ። «የእናንተ ነገር ግን የማለ ዳኛ ይፈልጋል። መቱ ላይ የተከሳሹ አባት ጸሐፊ ስለሆኑ፣ እሱ ያለው በደሌ ነው። እስከዚያ ትቆራኛላችሁ።»

ያን ጊዜ መቱ ከተማ ውስጥ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ወደ ዳኛ መሄዳቸው እየቀረ ነበር። ለሁሩሙ ገበያ ግን ይህን የነገረው የለም። ሽማግሌው የኩመራን ያረጀ ነጠላ ጫፍ ከሙሉብርሃን አዲስ ነጠላ ጫፍ ጋር ደርበው አጥብቀው ቋጠሩት።

«ብስክሌቱስ?» አለ ሙሉብርሃን፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ይመስላል።

«ብስክሌቱ ምን አጠፋ? እሱም ይሂድ። መንገዳችሁ አንድ አይደለም?» ቋጠሮውን ሳብ አድርገው ሞከሩት። «ዱጋን ኒ ቀለቲ መሌ ሂን ጪቱ። እውነት ትቀጥናለች እንጂ አትበጠስም። ይህን የሚፈታው ዳኛው ነው፤ ወይ ከሳሹ። ተከሳሽ የፈታው እንደሆነ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው።»

ኮርቻው ላይ ማን ይውጣ በሚለው አልተከራከሩም። ኩመራ ወጣ፤ ሙሉብርሃን የኋላ መጫኛው ላይ ተቀመጠ። ገበያው እየሳቀ ሸኛቸው። ከሁሩሙ ሳይርቁ የነጠላው ጫፍ ጎማው ውስጥ ገብቶ ሁለቱንም ጭቃ ላይ ደፋቸው። ከዚያ በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠመጠሙና ቋጠሮው በመሐላቸው ተቀመጠ።

ኩመራ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ፔዳሉን ሲረግጥ ብስክሌቱ የራሱ እንደሆነ ታወቀው፤ ከኋላው የተቀመጠው ሲያቃስት ደግሞ ደስታው እጥፍ ሆነ። ጉድጓድ ባየ ቁጥር አይሸሽም፤ ድንጋይ ባየ ቁጥር አያልፍም። የፊት ጎማውን በብልሃት ያሳልፍና የኋላውን ያሳርፍበታል። የኋላ መጫኛው ደረቅ ብረት ነው። ሙሉብርሃን መጀመሪያ «ቀስ በል» አለ፤ ቀጥሎ «እባክህ» አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ኩመራ ዝምታውንም ወደደው።

ያዮ ሲደርሱ አንድ ጀግና ሊቀበሉ የወጡት ተማሪዎች ሁለት ጭቃ የለበሱ ቁራኞች አገኙ። ወሬው ከነሱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሕፃናቱ «የታሰረው የቱ ነው?» እያሉ ተከተሏቸው፤ ኩመራም ሳይሰለች በአገጩ ወደ ኋላ ያሳያል። ያደሩት አንድ ምንጣፍ ላይ ነው። አንዱ ሽንት ሲመጣው ሌላውም መነሣት ነበረበት፤ ኩመራ ያለ ሽንት ሁለት ጊዜ ተነሣ። ከመተኛቱ በፊት ጸሎት ሊያደርስ ሞክሮ ትቶታል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደማይሆን እናቱ ብዙ ጊዜ ነግራዋለች፤ እሱም ቂሙን አስቀምጦ ለመጸለይ አልፈለገም።

በማግሥቱ የጌባ ወንዝ ቁልቁለት መጣ። መንገዱ ጫካውን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ታች ድልድዩ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ ይታያል። ኩመራ ከፍሬኑ ላይ ጣቱን አነሣ።

ብስክሌቱ መጀመሪያ ተንደረደረ፤ ከዚያ በረረ። ነፋሱ ዓይናቸውን አስነባ።

«ፍሬን ያዝ!» አለ ሙሉብርሃን።

«ብስክሌቱን ማን ነው የወሰደው?»

«ኩመራ፣ ፍሬን!»

«ማን ነው የወሰደው?»

ድልድዩ ወፈረ። ከድልድዩ በፊት ያለው ኩርባም ቀረበ። ሙሉብርሃን የኩመራን ወገብ አንቆ ያዘው። «እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ፣ እኔ!»

ኩመራ ፍሬኑን ቀስ እያለ፣ አንዴ የኋላውን አንዴ የፊቱን እየነካ ያዘ። ኩርባውን ለጥቂት አልፈው ድልድዩ አፍ ላይ ቆሙ። እውነቱን ለመናገር ኩመራም ፈርቶ ነበር።

«ነገ ይህንኑ ለዳኛው ትላለህ» አለ።

ሙሉብርሃን ወርዶ ጉልበቱን ይዞ ተነፈሰ። «በማስፈራራት የተገኘ ቃል አይጸናም» አለ። «አባቴ ሁልጊዜ ይላል።»

ኩመራ በጥፊ ሊመታው እጁን አነሣ። ነጠላው ወገቡን ስለሳበው እጁ ከግማሽ አላለፈም። ሁለቱም ቋጠሮውን አዩት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል፤ ኩመራ ደግሞ ከጅራፉ ጋር ታስሯል።

ከድልድዩ ወዲያ ዳገት ነው። ጥቂት እንደገፉ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ኩመራ ጎማውን አወጣና የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ ጅረት ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ። ሙሉብርሃን ቁራኛ ስለሆነ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ማየት ግድ ሆነበት። አስተያየቱ ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይቶ የማያውቅ ሰው አስተያየት ነበር።

«ጎማ መለጠፍ ሳትችል እንዴት ነው አዲስ አበባ ልትደርስ የነበረው?» አለው ኩመራ።

«እኔ አላሰብኩበትም። አባቴ ነው ያሰበው።»

ከዚያ ሙሉብርሃን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ኩመራ ሲያስተምረው በወደቀ ቁጥር የሚስቁበት ልጆች አሳፍረውት ነበር። ብቻዬን እለማመዳለሁ ብሎ እሑድ ብስክሌቱን አወጣ፤ ሶር ድልድይ ላይ ወደቀ። ጥሎት በእግሩ ገባ። ሰኞ እናገራለሁ ብሎ ነበር። ባንዲራው ሥር ቀና ሲል ግን አባቱን አየ።

«አፌን ከፈትኩ» አለ። «የወጣው ያንተ ስም ሆነ። ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ። ስትገረፍ እየቆጠርኩ ነበር።»

ኩመራ ልጣፉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያዘ። ይህን ቃል ስንት ቀን ተመኝቶታል። ሲሰማው ጀርባው እንደገና አቃጠለው እንጂ አልቀዘቀዘለትም።

«ነገ ለዳኛው እናገራለሁ» አለ ሙሉብርሃን። «ማንም ሳያስፈራራኝ። ግን አንድ ነገር እወቅ። ካመንኩ እኔ እገረፋለሁ፤ ብስክሌቱም የመቱ ትምህርት ቤት ንብረት ስለሆነ በቡና መኪና ተጭኖ ይመለሳል። በዓሉ ያልፋል። አዲስ አበባን አንተም አታያትም፣ እኔም አላያትም።»

«አራዳ ነህ። ልታታልለኝ ነው።»

«አይደለም። እናገራለሁ አልኩህ እኮ።»

ዳገቱን ሁለቱም እየገፉ ወጡ። ኩመራ ያን ቀን ከዚያ በኋላ ጉድጓድ መፈለግ ተወ፤ የተወው አዝኖለት ሳይሆን ሌላ ሐሳብ ስለያዘው ነው። በቀሉንም ይፈልጋል፤ መንገዱንም ይፈልጋል። በደሌ እስኪደርሱ ድረስ ሁለቱን በአንድ እጅ የሚይዝበት መላ አላገኘም።

ሰኞ ጠዋት የፍርድ ቤቱ በረንዳ በባለጉዳይ ተጨናንቋል። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ምሰሶው ላይ ጅራፍ ተንጠልጥሏል። ኩመራ ክሱን ያለ መንተባተብ ተናገረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተለማምዶታልና።

ዳኛው ወደ ሙሉብርሃን ዞሩ። «ልጄ፣ ሰማህ አይደል? ካመንክ የሱን ያህል ትገረፋለህ፤ ብስክሌቱም ዛሬውኑ ወደ መቱ ይጫናል። ከካድክ ምሥክር እስኪገኝ ሁለታችሁም ወደየቤታችሁ ትመለሳላችሁ። ምን ትላለህ?»

ሙሉብርሃን ፊቱ አመድ መስሏል። «ጌታዬ» አለ፤ «እኔ...»

ኩመራ ጅራፉን አየ። ጣፋጭ ይሆንልኛል ብሎ ነበር፤ ውሸት የለውም፣ ጣፋጭም ነበር። ግን ከምሰሶው ወዲያ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ባሻገር፣ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በጠዋት ፀሐይ ደርቆ ይታያል። ብስክሌቱ አጥሩ ላይ ተደግፏል፤ የተለጠፈው ጎማ ልክ እንደሞላው ነው። አንድ ቃል ይዞ ሁሩሙ ላይ ቆሞ ነበር። አሁን ሌላ ቃል መጣለት።

«ይግባኝ!» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ገና ያልፈረድኩትን ነው ይግባኝ የምትለኝ?»

ያን ጊዜ ከኩመራ አጠገብ የጸሐፊው ልጅ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አይሰበርም።

«ጌታዬ፣ ይግባኙ በርስዎ ላይ አይደለም» አለ ሙሉብርሃን። «በመቱ ተፈርዶበታል፣ ተገርፏልም። በዚያ ፍርድ ላይ ነው ይግባኝ የሚለው። አዲስ አበባ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ድረስ ልሂድ ካለ ደግሞ የሚከለክለው የለም። ተከሳሹም አብሮ መሄድ አለበት።»

ዳኛው አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ፣ አጥሩ ላይ የተደገፈውን ብስክሌት አዩ። ከኋላ አንድ ባለጉዳይ ሳቁን አፈነ። በሕይወታቸው ተከሳሽ ለከሳሽ ጠበቃ ሲቆም አላዩም ይሆናል።

«በምን ልትሄዱ?» አሉ በመጨረሻ፤ መልሱን እያወቁት።

«በመጣንበት» አለ ኩመራ።

«እንግዲህ እኔ አልሰማሁም፣ አልፈረድኩምም። ሂዱ ከፊቴ። ቁራኛው ግን አይፈታም።»

ከግቢው ወጡ። ኩመራ ብስክሌቱን ከአጥሩ አነሣ፤ ባንዲራዋን አቃና። ከዚያ ሳይዞር ተናገረ።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ» አለ ሙሉብርሃን።

«አዲስ አበባ ላይ ትናገራለህ። ከዚያ መቱ ተመልሰን፣ እዚያው ባንዲራው ሥር፣ አባትህ ቆመው እያዩህ ትናገራለህ።»

«እናገራለሁ» አለ ሙሉብርሃን።

«ዳገት ዳገቱን ደግሞ አንተ ትነዳለህ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

ኩመራ ኮርቻው ላይ ወጣና ሌላኛው እስኪቀመጥ ጠበቀ። ሙሉብርሃን ግን ቶሎ አልተቀመጠም። ኩመራ ዞር ብሎ አየው። የኦቦ ሁንዴሳ ቋጠሮ በጭቃና በጉተታ ብዛት ላልቶ፣ ሊፈታ አንድ ጣት ቀርቶታል። ሙሉብርሃን ሁለቱን የነጠላ ጫፎች በእጁ ይዟል። ቀና ብሎ ሳያይ እንደገና አቋለፋቸው፣ አንደኛውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ እስኪጨማደድ ድረስ ሳበው።

ተከሳሽ ቋጠሮውን የፈታ እንደሆነ ምን ማለት እንደሆነ ሽማግሌው ነግረዋቸዋል። ተከሳሽ ሲያጠብቀው ምን እንደሚባል ግን አልነገሯቸውም። ሙሉብርሃን ሲቀመጥ ኩመራ ወደ ጅማው መንገድ ዞሮ ፔዳሉን ረገጠ።